አንቀጽ ሳያስጽፉ ጽሕፈትን መፈተን
በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የንባብና የጽሕፈት ዝግጅት ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

የብሔራዊ ፈተና ወቅት ሲቃረብ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚታየው ሁኔታ ለመምህራን አንባብያን እንግዳ አይደለም። መደበኛው የመማሪያ መጽሐፍ ይታጠፋል፤ በምትኩም ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ተባዝተው ይታደላሉ። መልሳቸው ከበስተ ኋላ የታተመ የመለማመጃ መጻሕፍት በየመደብሩና በየመንገዱ ዳር ይደረደራሉ። የማጠናከሪያ ትምህርቱም ክፍለ ጊዜ ጥያቄ የሚነበብበት፣ የመልሱ ፊደል የሚነገርበትና ተማሪው በደብተሩ ላይ ምልክት የሚያደርግበት ጉባኤ ይሆናል። ተማሪው «ስንት አገኘህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «ምን አነበብህ? ምንስ ጻፍህ?» የሚለው ሰው ከቶ የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የዚህን ዝግጅት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውስጥ ለሚገኙት የአንብቦ መረዳትና የጽሕፈት ጥያቄዎች የሚደረገውን ዝግጅት ነው። የጸሐፊው አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። የተለመደው ዝግጅት ተማሪውን ከማንበብና ከመጻፍ ሥራ ስለሚያርቀው ለፈተናው እንኳ በወጉ አያዘጋጀውም። ለዚህም ተጠያቂው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳያስጽፍ የጽሕፈትን ችሎታ መዘንሁ የሚለው የፈተናው ቅርጽም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የቅርብ ዓመታትን ውጤት ማስታወስ ይበቃል። የማለፊያው ነጥብ ከመቶ 50 እንዲሆን ከተወሰነና ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ይህን ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንሥኤዎች ብዙ ናቸው። ጦርነቱ፣ በወረርሽኙ ምክንያት የተቋረጠው ትምህርት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ሥልጠናና ኑሮ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ውጤቱን በሙሉ በንባብ ድክመት ማሳበብ አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይችልም። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የጂኦግራፊውም ጥያቄ ለተማሪው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ የሚያውቀውን ትምህርት እንኳ እንደማያውቅ ሆኖ ይቈጠርበታል። እንግዲህ የንባብ ድክመት በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይወሰን በሁሉም ውስጥ ነጥብ የሚቀንስ ጉድለት ነው።

1. የመለማመጃ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ንባብ

በመለማመጃ መጻሕፍትና በማጠናከሪያ ክፍሎች የሚሰጠው ምክር እጅግ ተመሳሳይ ነው። ምንባቡን ከማንበብህ በፊት ጥያቄውን አንብብ፤ ከጥያቄው ውስጥ አንድ ዋና ቃል ምረጥ፤ ያንን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልግ፤ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር አይተህ መልስ፤ ቀሪውን ተወው፤ ጊዜ አታባክን። ይህ ምክር ለመልካም አንባቢ ሲሰጥ ጊዜ ይቈጥባል፤ ማንበብ ለማይችል ተማሪ ሲሰጥ ግን የንባብ ምትክ ይሆናል። ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌው በአማርኛ ተዘጋጅቷል።

«ሁለት ገበሬዎች በአንድ ተዳፋት ላይ ያርሱ ነበር። የመጀመሪያው ማሳውን ሽቅብና ቍልቍል አረሰ። ሁለተኛው ግን አግድም አርሶ እርከን ሠራ። በሐምሌ ወር ኃይለኛ ዝናም ጣለ። ዝናሙ ባባራ ጊዜ የመጀመሪያው ገበሬ ወደ ወንዙ ወርዶ የውሃውን መልክ አየ፤ አንገቱንም ደፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።»

ከዚህ ምንባብ ሦስት ጥያቄዎች ይውጡ። አንደኛ፣ ኃይለኛው ዝናም የጣለው በየትኛው ወር ነው? ሁለተኛ፣ እርከን የሠራው የትኛው ገበሬ ነው? ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ገበሬ አንገቱን የደፋው ለምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ምንባቡን ሳያነቡ ይመለሳሉ፤ «ዝናም» እና «እርከን» የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ማግኘት ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ግን እንዲህ አይደለም። መልሱ፣ ገበሬው የማሳው አፈር ታጥቦ በወንዙ ውስጥ ሲሄድ በውሃው ቀለም ስላወቀ ነው የሚል ነው። ነገር ግን «አፈር» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ጨርሶ የለም። ተማሪው ቍልቍል ማረስን ከዝናሙ፣ ዝናሙን ከወንዙ፣ የወንዙን መልክ ከገበሬው ኀዘን ጋር ራሱ ማያያዝ አለበት። ማንበብ የሚባለው ይህ ማያያዝ ነው።

አሁን ለሦስተኛው ጥያቄ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ «በሐምሌ ኃይለኛ ዝናም በመጣሉ» የሚል ቢሆን ምን ይከተላል? ቃል ማደን የለመደው ተማሪ ያንን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ቃሉ ከምንባቡ ጋር አንድ ነው። ጥያቄ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ይህን ያውቃሉ፤ የተሳሳተውን አማራጭ በምንባቡ ቃላት፣ ትክክለኛውን ደግሞ በሌላ አባባል መጻፍ የታወቀ የአዘገጃጀት ዘዴ ነው። ስለዚህ ተማሪውን ለማዳን የተሰጠው ብልሃት በከባዱ ጥያቄ ላይ የሚያጠምደው ወጥመድ ይሆናል። በቀላል ጥያቄዎች የተገኘው ነጥብ በከባዶቹ ይታጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ሌላው ጉድለት መልሱ የሚታረምበት መንገድ ነው። የመለማመጃ መጽሐፉ በመጨረሻው ገጽ «ለ» ብሎ ይጽፋል እንጂ «ሀ» ለምን ትክክል እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ አያስረዳም። ተማሪው የተሳሳተበትን ምክንያት ሳያውቅ ፊደሉን ብቻ ያርማል። ከዚህ የሚማረው የዚያን ጥያቄ መልስ ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ዳግመኛ አይመጣም።

2. ያለ ጽሕፈት የሚሰጥ የጽሕፈት ፈተና

የጽሕፈቱ ክፍል ከንባቡ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። በፈተናው ውስጥ የጽሕፈት ችሎታ የሚመዘነው በምርጫ ጥያቄ ነው። የተዘበራረቁ ቃላት ቀርበው ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር የቱ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ወይም ሥርዓተ ነጥቡ የተስተካከለውን መምረጥ ይታዘዛል፤ ወይም የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ተሰጥተው በቅደም ተከተል አንቀጽ የሚሆኑበት መንገድ እንዲመረጥ ይደረጋል።

እነዚህ ጥያቄዎች ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም፤ የሰዋስው ዕውቀትንና የአሳብ ቅደም ተከተልን መለየት ይመዝናሉ። ይሁን እንጂ በባዶ ወረቀት ፊት የተቀመጠ ጸሐፊ የሚሠራውን ሥራ እናስተውል። አሳብ ያፈልቃል፤ ከአሳቡ የሚሆነውን ይመርጣል፤ ኃይለ ቃሉን ያቆማል፤ በምሳሌና በምክንያት ይደግፈዋል፤ ቃል ሲያጣ በሌላ ይተካል፤ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ይሰርዛል፤ ያርማልም። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በምርጫ ጥያቄ የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው። አራት ዓረፍተ ነገሮችን ለማሰለፍ የቀረበለት ተማሪ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢያውቅ ብዙ ጊዜ ሁለት አማራጮች ይወድቁለታል፤ አንዲት አያያዥ ቃል ደግሞ ሦስተኛውን ትጥልለታለች። ምንም ሳያውቅ በግምት ቢያጠቍር እንኳ ከአራት አንዱን የማግኘት ዕድል አለው። አንቀጽ በግምት ሊጻፍ ግን አይችልም።

የፈተናው ቅርጽ በክፍል ውስጥ የሚያስከትለው ውጤት ይህ ነው። የማይፈተን ነገር አይጠናም፤ የማይጠናም ነገር ከጊዜ በኋላ አይሰጥም። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በየምዕራፉ የጽሕፈት መልመጃ አለ፤ ነገር ግን ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታለፈው እርሱ ነው። መምህሩም ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ወላጅ፣ ርእሰ መምህርና የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቁት ስንት ተማሪ አለፈ ብለው ስለሆነ፣ ለማያስገኝ ነጥብ ጊዜ ማዋል ተጠያቂ የሚያደርገው ይመስለዋል። በዚህ ዓይነት ተማሪው አንድ ገጽ በራሱ አሳብ ጽፎ ሳይታረምለት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። እዚያም ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠበቅበታል፤ ከሰው መገልበጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ሲፈልግ ደግሞ አይኤልትስ የተባለው ፈተና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጽሑፎች፣ አንደኛውን ቢያንስ በ150፣ ሁለተኛውን ቢያንስ በ250 ቃላት እንዲጽፍ ያዘዋል። በትምህርት ዘመኑ ያልጠየቅነውን ሌላው ይጠይቀዋል፤ ያኔም ወላጅ ለማሠልጠኛ ገንዘብ ይከፍላል፤ ለመክፈል ያልቻለው ይቀራል።

3. ስለ አሁኑ አሠራር የሚቀርበው መከራከሪያ

ለአሁኑ አሠራር የሚቀርበው ዋና መከራከሪያ የተፈታኙ ብዛት ነው። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ወረቀት በእጅ ማረም ረጅም ጊዜና ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ከዚህም በላይ አንዱ አራሚ ለጋስ፣ ሌላው ንፉግ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያ ግን አያዳላም ይባላል። መከራከሪያው ክብደት ያለው ነው፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። ነገር ግን የጎረቤታችንን አገር ልማድ ብንመለከት ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ እንረዳለን። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና እንግሊዝኛ በሦስት ወረቀት ይሰጣል፤ ከእነዚህም ሦስተኛው ተማሪው ድርሰት የሚጽፍበትና በተመረጡ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት ላይ አሳቡን የሚያብራራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ቍጥር ወደ 900,000 ይጠጋል፤ ጽሑፋቸውንም ያረሙት ለዚሁ ሥራ የተሰበሰቡ መምህራን ናቸው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ግን አንድ ትርፍ አለው። ለማረም የተጠራው መምህር ወደ ክፍሉ የሚመለሰው መልካም ጽሑፍ ምን እንደ ሆነ ከባልደረቦቹ ጋር ተከራክሮና ተስማምቶ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከአሜሪካ የሚጠቀስ ነው። ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2005 ድርሰትን አስገዳጅ አድርጎ ጨመረ፤ በ2016 በፈቃደኝነት እንዲሆን አደረገ፤ በ2021 ደግሞ ከአጠቃላዩ ፈተና አስወጣው። እነርሱ የተዉትን እኛ ለምን እንጀምራለን? የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ሁለት ነው። በአንድ በኩል፣ በዚያ አገር ብዙ ኮሌጆች ከአመልካቹ ድርሰት ስለሚቀበሉ ተማሪው ከመጻፍ ግዴታ ነጻ አልወጣም። በሌላ በኩል ግን የእነርሱ ታሪክ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ድርሰቱ በተጨመረበት በ2005 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጽሕፈት ትምህርት ይመሩ የነበሩት ሌስ ፔረልማን፣ ለናሙና የቀረቡትን ድርሰቶች መርምረው የተሰጠው ነጥብ ከጽሑፉ ርዝመት ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ድርሰትን በፈተና ውስጥ መጨመር ብቻውን መድኀኒት አይሆንም ማለት ነው። የምዘናው መለኪያ ደካማ ከሆነ፣ የቀድሞው ቃል አደን ቀርቶ በምትኩ በቃል የተጠና ቀመር ይመጣል፤ የመለማመጃ መጻሕፍቱም ያንን ቀመር ማተም ይጀምራሉ።

4. በክፍል ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

የፈተናው ቅርጽ እስኪሻሻል ድረስ መምህሩ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባም። ለምርጫ ጥያቄም ቢሆን ዋነኛው ዝግጅት እውነተኛ ንባብና ጽሕፈት ነው። የሚከተሉት አሳቦች ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቁ በሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ።

ሀ. ምንባቡ ከጥያቄው ይቅደም። ተማሪዎች አንድ አጭር ምንባብ አንብበው፣ መጽሐፉን ዘግተው፣ ዋናውን አሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ጥያቄዎቹ ይሰጡ። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ምንባቡን አላነበበም፤ መልሱን ቢያገኝም በአጋጣሚ ነው።

ለ. የስሕተቱ ምክንያት ይጠየቅ። አሥር ጥያቄ አርሞ ከማለፍ ሦስት ጥያቄ መርምሮ የተሳሳቱት አማራጮች ለምን እንዳልሆኑ ማስረዳት ይበልጣል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከአንድ ምንባብ ራሳቸው ጥያቄና አማራጭ እንዲያዘጋጁ ቢደረግ የጥያቄ አዘጋጁን ብልሃት ከውስጥ ይረዱታል።

ሐ. በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ ይጻፍ። መምህራን የሚያነሡት ችግር የማረም ሸክም ነው፤ ስለዚህ በቍጥር እንየው። አንድ መምህር በአምስት ክፍል 50፣ 50 ተማሪ ቢኖረው 250 ተማሪ ይሆናል። ሁሉም በየሳምንቱ ጽፈው ለያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢሰጥ 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ16 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ይህ ከአቅም በላይ ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ ሁሉም ጽፈው የአንዱ ክፍል ብቻ በተራ ቢታረም፣ በ3 ደቂቃ ሒሳብ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በትምህርት ዘመኑ 30 የሥራ ሳምንታት ቢታሰቡ እያንዳንዱ ተማሪ 30 አንቀጾች ይጽፋል፤ ስድስቱም በመምህሩ እጅ ይታረማሉ። በቀሩት ሳምንታት ተማሪዎቹ ደብተር ተለዋውጠው አስቀድሞ የተነገረ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ለምሳሌ ኃይለ ቃሉ መኖሩን ወይም የግሡን ጊዜ፣ ይመልከቱ።

ይህ ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቅኔውን ሕግ ሰምቶ ብቻ አይቀርም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ረጃጅሞቹ እየተሸጋገረ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ተማሪው ሲበዛ የበሰሉት የጀማሪዎቹን ቅኔ እየሰሙ መምህሩን ያግዛሉ። በዚያ ቤት ከተዘጋጁ አራት ቅኔዎች የተሻለውን በመምረጥ ብቻ ባለቅኔ የሆነ ሰው የለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ሊወስደው የሚገባው ከአጭር ጀምሮ ማርዘምን፣ በየጊዜው መሥራትንና በበሰለው ተማሪ መጠቀምን ነው።

መ. የቀድሞ ፈተናዎች በቦታቸው ይዋሉ። የፈተናውን ትእዛዝ፣ የጊዜ አከፋፈልና የመልስ ወረቀት አሞላል ማለማመድ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ የጥቂት ሳምንታት ሥራ እንጂ የሙሉ ዓመት ትምህርት ሊሆን አይገባም።

5. ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቀው

የመምህሩ ጥረት ብቻውን ሩቅ አይሄድም። አንደኛ፣ በፈተናው የንባብ ክፍል ውስጥ ቃል በመፈለግ ብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎች ቢቀነሱና አያይዞ መረዳትን የሚጠይቁት ቢበረክቱ፣ የዝግጅቱ ጠባይ ያለ ምንም መመሪያ ራሱ ይለወጣል። ሁለተኛ፣ አንድ አጭር አንቀጽ፣ መጀመሪያ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሙከራና ያለ ነጥብ፣ በኋላም በአነስተኛ ነጥብ፣ በፈተናው ውስጥ ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሁለት አራሚዎች እንዲታይ፣ ልዩነታቸው ሲሰፋ ሦስተኛ እንዲጨመር፣ መለኪያውም ርዝመትን ሳይሆን አሳብን፣ አያያዝንና ግልጽነትን እንዲያይ መደረግ አለበት። በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት የጀመረው ፈተና ጽሑፉን ለአራሚ ለማድረስ የሚወስደውን ጊዜና ድካም ሊያቃልል ይችላል። ሆኖም በኮምፒውተር መጻፍ ያልለመደ የገጠር ተማሪ እንዳይጐዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከታች መጀመር አለበት። በ2002 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በተማሩበት ቋንቋ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ያልጠናለት ልጅ በእንግሊዝኛ ጥልቅ ምንባብ ሲሰጠው ምን ዓይነት ዝግጅት ይታደገዋል? ለ12ኛ ክፍል የሚደረግ ዝግጅት በእውነቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ፈተናን ለማጣጣል የቀረበ አይደለም። ሰፊ ቍጥር ያለውን ወጣት በእኩል ሚዛን ለመለየት ብሔራዊ ፈተና አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ሚዛን የሚመዝነውን ነገር ሊያጠፋ አይገባም። በዛሬው ሁኔታ ተማሪው ምንባቡን ሳያነብ መልስ ማደንን፣ አንቀጽ ሳይጽፍ ፊደል ማጥቈርን ይለማመዳል፤ ውጤቱ ሲነገርም ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል። ይህ ለተማሪው ፍርደ ገምድልነት ነው።

መምህራን እስከ ፈተናው ማሻሻያ ሳይጠብቁ ከሚመጣው ሳምንት ጀምረው አንድ አንቀጽ ሊያስጽፉ ይችላሉ። ዕቅድ አውጪዎችም ያ አንቀጽ አንድ ቀን ዋጋ እንደሚኖረው ለመምህሩ ሊያረጋግጡለት ይገባል። ሁለቱ ሲገናኙ የፈተና ዝግጅትና ትምህርት አንድ ሥራ ይሆናሉ፤ እስከዚያው ግን በየዓመቱ የሚነገረው የመቶኛ ቍጥር ተማሪው የማያውቀውን ብቻ ሳይሆን እኛ ያላስተማርነውንም ጭምር የሚናገር መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።